በቤት ለሚማር ልጅ የአልጀብራ መግቢያ ስለ መምረጥ

ክቡራን ወላጆች፤ ልጅን በቤት ማስተማር ለአገራችን ክርስቲያን አዲስ ነገር አይደለም። አባቶቻችን ፊደል የቆጠሩት ዘመናዊ ትምህርት ቤት ከመከፈቱ በፊት በደጃቸው፣ በቤተ ክርስቲያን ዐጸድና በየኔታ እግር ሥር ነበር። በእኛም ዘመን በመጋቢት ወር 2012 ዓ.ም. በኮሮና ወረርሽኝ ምክንያት ትምህርት ቤቶች በተዘጉ ጊዜ እያንዳንዱ ቤት ሳይወድ ትምህርት ቤት፣ እያንዳንዱም ወላጅ ሳይዘጋጅ መምህር መሆኑን ሁላችን እናስታውሳለን። ያ ጊዜ ቢያልፍም በሕመም ወይም በሌላ ችግር ምክንያት ልጆቻቸውን በቤት የሚያስተምሩ ወላጆች ዛሬም አሉ። ከእነዚህም ብዙዎቹ ንባቡንና ጽሕፈቱን፣ ታሪኩንና ግብረ ገቡን ያለ ብዙ ጭንቀት ያስተምራሉ፤ ልጁ ዐሥራ ሁለት ዓመት ገደማ ሲሆነውና ከቁጥር ሒሳብ ወደ አልጀብራ የሚሻገርበት ጊዜ ሲደርስ ግን ይቸገራሉ። በዚህ ጽሑፍ ስለዚሁ መሻገሪያ የተማርነውን፣ ይልቁንም ከራሳችን ስሕተት የተማርነውን እናቀርባለን።

የአንዲት እናት ጥያቄ

ከጥቂት ዓመታት በፊት አንድ እሑድ በየካ ሚካኤል ቤተ ክርስቲያን ከቅዳሴ ወጥተን በዐጸዱ ዛፍ ሥር ቆመን ሳለን አንዲት እናት ነጠላቸውን አስተካክለው ወደ እኛ ቀረቡ።

«መምህር፣ ልጄ ከታመመ አራት ወር ሆነው። ሐኪሙ እስከሚመጣው ክረምት ከቤት እንዳይወጣ አዟል። 6ኛን ክፍል በደኅና ውጤት ጨርሶ ነበር። ጓደኞቹ አሁን አልጀብራ ጀምረዋል ይሉኛል፤ እርሱ ወደ ኋላ እንዳይቀርብኝ ፈራሁ። አሜሪካ ያለችው እኅቴ ይህን መጽሐፍ ልካለታለች። ይሆነው እንደ ሆነ ይዩልኝ» አሉን።

መጽሐፉ ወፍራም፣ ኅትመቱ ያማረ፣ በሥዕል የተሞላ ነበር። እኛም ገለጥ ገለጥ አድርገን አየነውና «መልካም ነው፤ ይጀምር» አልን። ልጁን ግን አላየነውም፤ አንድ ጥያቄም አልጠየቅነውም። በሽተኛውን ሳያይ መድኃኒት እንደሚያዝ ሐኪም ሆንን።

ከሁለት ወር በኋላ ልንጠይቀው ወደ ቤታቸው ብንሄድ ልጁን አልጋው ላይ ተቀምጦ፣ መጽሐፉንም ከትራሱ በታች ደብቆት አገኘነው። «የኔታ፣ እኔ ለሒሳብ አልተፈጠርሁም» አለን። ይህን ቃል ከዐሥራ ሁለት ዓመት ልጅ አፍ መስማት ለመምህር ቀላል ነገር አይደለም። አንዱ ሕመም ከሰውነቱ ሲወጣ ሌላ ሕመም ወደ ልቡ እየገባ እንደ ነበረ፣ ለዚህም ምክንያቱ የእኛ ችኮላ እንደ ሆነ ተረዳን።

ደብተሩን ተቀብለን አየነው። «ቁጥር ከእኩል ምልክት ወዲያ ሲሻገር ምልክቱ ይለወጣል» የሚለውን ሕግ እንደ ዳዊት በቃሉ ይደግመዋል። «ልጄ፣ ስለ ምን ይለወጣል?» ብለን ብንጠይቀው ግን ዝም አለ። ወደ ኋላ መለስ ብለን ግማሽና ሢሶ ሲደመሩ ስንት እንደሚሆኑ ጠየቅነው። «ሁለት አምስተኛ» ሲል መለሰ። እንግዲህ ችግሩ በአልጀብራው አልነበረም። 6ኛን ክፍል በደኅና ውጤት የጨረሰው ልጅ ክፍልፋይን ገና አላወቀውም ነበር፤ በክፍልፋዩም ላይ ፊደል ሲጨመርበት ሸክሙ ከበደው። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ እንደሚባለው፣ እኛም የፈሰሰውን ለመልቀም ተቀመጥን።

አስቀድሞ ልጁን መመርመር

በቤተ ክርስቲያን ትምህርት ቤት ተማሪ የሚመደበው በዕድሜው አይደለም። ፊደሉን ያልለየ ወደ አቡጊዳ፣ አቡጊዳውን ያልጨረሰ ወደ መልእክተ ዮሐንስ፣ ንባቡ ያልቀናለትም ወደ ዳዊት አይሻገርም። አንዱ በጥቂት ወራት የጨረሰውን ሌላው በሁለት ዓመት ይጨርሰዋል፤ በዚህም የሚያፍር የለም። በዘመናዊው ትምህርት ቤት ግን አንድ መምህር ብዙ ልጆችን በአንድ ክፍል ይዞ ሁሉንም በአንድ ቀን ወደ አንድ ገጽ እንዲያሻግር ግዴታ ነው። በቤት የሚማር ልጅ ያለው ትልቁ ዕድል እንግዲህ የየኔታን ሥርዓት መከተል መቻሉ ነው። ይህን ዕድል ትቶ በመጽሐፉ ሽፋን ላይ በተጻፈው የክፍል ቁጥር ብቻ መመራት ሁለቱንም ማጣት ይሆናል።

ስለዚህ መጽሐፍ ከመግዛት በፊት ልጁን በአራት ጥያቄዎች መመርመር ይገባል። ለዚህም ወላጁ የሒሳብ ሊቅ መሆን አያስፈልገውም።

አንደኛ፤ ግማሽና ሢሶ ሲደመሩ ስንት ናቸው? ትክክለኛው መልስ አምስት ስድስተኛ ነው። «ሁለት አምስተኛ» ያለ ልጅ ከላይ ያሉትንም ከታች ያሉትንም ዝም ብሎ ደምሯል። እንዲህ ላለው ልጅ አንድ እንጀራ ቆርሶ ማሳየት ይበቃል፤ ሁለት አምስተኛ ከግማሽ ያንሳልና፣ ግማሽ እንጀራ ላይ ሌላ ቁራሽ ተጨምሮበት ከግማሽ ሊያንስ እንደማይችል በዓይኑ ያያል።

ሁለተኛ፤ ከ3 ላይ 7 ቢቀነስ ስንት ይቀራል? «አይቻልም» የሚል ልጅ ከዜሮ በታች ያሉትን ቁጥሮች ገና አልተዋወቃቸውም። ኪሱ ውስጥ 3 ብር ያለው ሰው የ7 ብር ዕቃ በዱቤ ቢወስድ 4 ብር ዕዳ እንደሚኖርበት ግን ማንኛውም ልጅ ያውቃል፤ ትምህርቱም ከዚያ ሊጀመርለት ይችላል።

ሦስተኛ፤ 3 ኪሎ ሽንኩርት 150 ብር ቢሸጥ 5 ኪሎ ስንት ይሸጣል? በዚህ ጥያቄ የሚፈለገው 250 የሚለው ቁጥር ብቻ አይደለም። ልጁ አስቀድሞ የአንዱን ኪሎ ዋጋ እንዴት እንዳገኘ በራሱ አነጋገር እንዲያስረዳ ያስፈልጋል።

አራተኛ፤ 8 ሲደመር 4 እኩል ይሆናል ባዶ ቦታ ሲደመር 5፤ በባዶው ቦታ የሚገባው ስንት ነው? ይህ ጥያቄ ከሁሉ ቀላል ይመስላል፤ ነገር ግን ከሁሉ ይልቅ የሚያሰናክል እርሱ ነው። በአሜሪካ ተመራማሪዎች ይህንኑ ጥያቄ ለአንደኛ ደረጃ ተማሪዎች አቅርበው አብዛኞቹ 12 ወይም 17 ብለው እንደ መለሱ እ.ኤ.አ. በ1999 በታተመ ጽሑፍ ገልጸዋል። የእኛም ልጅ «12» አለ። ትክክለኛው መልስ 7 ነው።

የሾላ ገበያ ሚዛን

ልጆች እንዲህ የሚሳሳቱት ስንፍና ይዟቸው አይደለም። ለስድስት ዓመት ያህል የእኩል ምልክትን ያዩት «አሁን መልሱን ጻፍ» እንደሚል ትእዛዝ ነውና። በአልጀብራ ግን የእኩል ምልክት ትእዛዝ አይደለም፤ በግራ ያለውና በቀኝ ያለው ክብደታቸው አንድ መሆኑን የሚናገር ምስክር ነው። ይህን ሳያውቅ ወደ አልጀብራ የገባ ልጅ የሚማረው ሁሉ የድግምት ቃል ይመስለዋል።

እኛም ለልጁ የሾላ ገበያን ነጋዴ ባለ ሁለት ሳሕን ሚዛን አስታወስነው። በአንዱ ሳሕን እህል፣ በሌላው የብረት መመዘኛ አለ፤ ምላሱም ቀጥ ብሎ ቆሟል። ከአንዱ ወገን ጥቂት ብታነሣ ከሌላውም ያንኑ ያህል ማንሣት አለብህ፤ አለዚያ ሚዛኑ ያጋድላል። «ከማይታወቀው ቁጥር ላይ 5 ሲቀነስ 9 ይሆናል» ሲባል በግራው ሳሕን ያለው ነገር 5 ጐድሎበታል ማለት ነው። ጉድለቱን ለመሙላት 5 ስንጨምርለት በቀኝም 5 እንጨምራለን፤ የማይታወቀውም ቁጥር 14 ሆኖ ይገኛል። የተሻገረ ቁጥር የለም፤ የተለወጠም ምልክት የለም። በሁለቱም ወገን አንድ ዓይነት ሥራ ተሠራ እንጂ።

አልጀብራ የሚለው ስም ራሱ ይህንኑ ይናገራል። በ9ኛው መቶ ዓመት በባግዳድ የኖረው አል ኽዋሪዝሚ ስለዚህ ትምህርት በጻፈው መጽሐፍ አርእስት ውስጥ «አል ጀብር» የሚል ቃል አለ። ትርጓሜውም የጐደለውን መሙላት፣ የተሰበረውን መጠገን ማለት ነው፤ በዐረብኛ የተሰበረ አጥንት መጠገንም በዚሁ ቃል ይጠራል። እንግዲህ የአልጀብራ ተማሪ የቁጥር ወጌሻ ነው ብንል አልተሳሳትንም። ልጁም ይህን ሲሰማ ለመጀመሪያ ጊዜ ሣቀ።

ባሕረ ሐሳብ ለአልጀብራ በር ስለ መሆኑ

ጾመ ነነዌ በቀረበበት ሰሞን ልጁ «የኔታ፣ ፋሲካ መቼ እንደሚውል ማን ያውቃል?» ሲል ጠየቀን። በልጅነታችን በድቁና የተማርነው ባሕረ ሐሳብ ለዚህ ትምህርት ይጠቅማል ብለን ከዚያ ቀን በፊት አስበን አናውቅም ነበር። በቤተ ክርስቲያናችን ትውፊት ይህ የዘመን አቈጣጠር ለእስክንድርያው ሊቀ ጳጳሳት ለቅዱስ ድሜጥሮስ እንደ ተገለጠ ይነገራል። ስሌቱም የሚጠይቀው መደመርን፣ መቀነስን፣ ማባዛትን፣ ማካፈልንና ቀሪን ማወቅን ብቻ ነው። አንባብያንም ከልጆቻቸው ጋር እንዲሠሩት የ2018 ዓ.ም.ን ስሌት እንደ ምሳሌ እናቀርባለን።

5500 ዓመተ ዓለም በ2018 ላይ ሲጨመር 7518 ይሆናል። ይህ ለ4 ሲካፈል 1879 ደርሶ 2 ይቀራል፤ 2 ከቀረ ዘመኑ ዘመነ ማርቆስ ነው። 7518ና 1879 ተደምረው 9397 ይሆናሉ፤ ይህም ለ7 ሲካፈል 3 ይቀራል፤ 3 ከቀረ መስከረም 1 ቀን ሐሙስ ይውላል። ዳግመኛ 7518 ለ19 ሲካፈል 395 ደርሶ 13 ይቀራል። ከ13 ላይ 1 ሲቀነስ ወንበሩ 12 ነው። ወንበሩ በ11 ሲባዛ 132 ይሆናል፤ 132 ለ30 ተካፍሎ የሚቀረው 12 አበቅቴ ይባላል። ያው ወንበር በ19 ሲባዛ 228 ይሆናል፤ 228 ለ30 ተካፍሎ የሚቀረው 18 መጥቅዕ ይባላል።

መጥቅዑ ከ14 ስለ በለጠ በዓለ መጥቅዕ በመስከረም 18 ቀን ይውላል። መስከረም 1 ሐሙስ ከሆነ መስከረም 18 እሑድ ነው፤ የእሑድ ተውሳክ 7 ነውና 18ና 7 ተደምረው 25 ይሆናሉ። ይህም መባጃ ሐመር ይባላል። ስለዚህ ጾመ ነነዌ ጥር 25 ቀን ይገባል። ከነነዌ እስከ ፋሲካ 69 ቀን ነው፤ 25ና 69 ተደምረው 94 ይሆናሉ። ከ94 ላይ ጥርን፣ የካቲትንና መጋቢትን፣ ማለት ሦስት ጊዜ 30ን ብንቀንስ 4 ይቀራል። እነሆ የ2018 ዓ.ም. ፋሲካ ሚያዝያ 4 ቀን ሆኖ ተገኘ።

ልጁ ይህን ሥራ ወደደው። ሰው ሳያዝዘው የዐሥራ ዘጠኙን ወንበር አበቅቴና መጥቅዕ እያሰላ በሠንጠረዥ ጻፈ። የዚያን ጊዜ እናቱ የማካፈል ሥራውን በብርጭቆ ሻይ እያበረታቱ አጠገቡ ተቀምጠው ያዩ ነበር። ከጥቂት ቀናት በኋላ ስንመጣ «የኔታ፣ አበቅቴና መጥቅዕ ሲደመሩ ሁልጊዜ 30 ናቸው» አለን። እኛም «አዎን፣ መምህሮቻችን ስሌቱ ትክክል መሆኑን የሚፈትኑት በዚያ ነው» ብለን መለስን። ልጁ ግን በዚህ አልረካም። «ሁልጊዜ? ስለ ምን?» አለ።

ክቡራን ወላጆች፤ ልጅ ከቁጥር ሒሳብ ወደ አልጀብራ የሚሻገርበት ሰዓት ይህ ነው። በመጽሐፉ ሽፋን ላይ አይጻፍም፤ በዕድሜም አይታወቅም። «ሁልጊዜ? ስለ ምን?» የሚለው ጥያቄ ከልጁ አፍ ሲወጣ ይታወቃል።

ወረቀት አምጥተን «ወንበሩ ስንት እንደ ሆነ ስለማናውቅ ወ ብለን እንጥራው» አልነው። ትምህርት ቤት ኤክስ የሚባለውን ፊደል ይጠቀማል፤ ለእኛ ግን የወንበር መጀመሪያ የሆነው ወ ይበቃናል። አበቅቴ የሚገኘው ከ11ወ ነው፤ መጥቅዕ የሚገኘው ከ19ወ ነው። ሁለቱ ሲደመሩ፦

11ወ + 19ወ = 30ወ

ወ ማንኛውም ቁጥር ቢሆን 30ወ ለ30 ሲካፈል ቀሪ የለውም። ስለዚህ ሁለቱ ቀሪዎች፣ አበቅቴና መጥቅዕ፣ ተደምረው ለ30 ያለ ቀሪ መካፈል አለባቸው። እያንዳንዳቸው ከ30 ስለሚያንሱ ድምራቸው 60 ሊደርስ አይችልም፤ እንግዲህ 30 ከመሆን በቀር መንገድ የለውም። ወንበሩ ባዶ በሆነበት ዓመት ብቻ አበቅቴው ስለማይኖር ሊቃውንት «አልቦ አበቅቴ» ይሉታል፤ መጥቅዑንም 30 ይሉታል፤ ሕጉም ሳይፈርስ ይኖራል። ልጁ ዐሥራ ዘጠኝ ጊዜ ደክሞ ያገኘውን አንድ ፊደል በአንድ መስመር ተናገረችው። «የኔታ፣ ታዲያ ፊደሉ ለዚህ ነው?» አለ። አዎን፣ ለዚህ ነው። ከትራሱ በታች የተደበቀውም መጽሐፍ በዚያው ሳምንት ወጥቶ ጠረጴዛ ላይ ተቀመጠ።

ይህን ስንል ባሕረ ሐሳብ የሒሳብ መጽሐፍን ይተካል ማለታችን አይደለም። ክፍልፋይን፣ የመሬት ስፋትንና የመቶኛ ስሌትን በእርሱ መማር አይቻልም። ነገር ግን በእያንዳንዱ ክርስቲያን ቤት ግድግዳ ላይ የተሰቀለው የቀን መቁጠሪያ ልጁ ከሚያውቀውና ከሚያከብረው ሕይወት የወጣ ስሌት መሆኑን ማሳየት ትልቅ ጥቅም አለው። ስሌቱን የማያውቁ ወላጆችም በአጥቢያቸው ካለ ካህን ወይም ዲያቆን ሊጠይቁ ይችላሉ።

ስለ መጻሕፍት

አሁን ወደ መጽሐፍ ምርጫ እንምጣ። በአዲስ አበባ ልጆች 7ኛ ክፍል ሲገቡ ሒሳብን በእንግሊዝኛ መማር ይጀምራሉ። እንግዲህ አዲሱ ትምህርትና አዲሱ ቋንቋ በአንድ ዓመት ይገናኛሉ፤ ልጁ የተሰናከለው በሒሳቡ ይሁን በቋንቋው መለየት የወላጁ ተግባር ነው። ስለዚህ እያንዳንዱን አዲስ አሳብ አስቀድሞ በአማርኛ ማስረዳት፣ ከዚያ በኋላ የእንግሊዝኛውን ስያሜ በልዩ ደብተር ማስጻፍ ይገባል።

የመጀመሪያው መጽሐፍ የመንግሥቱ የ7ኛ ክፍል መጽሐፍ መሆን አለበት እንላለን። ልጁ አንድ ቀን ወደ ትምህርት ቤት መመለሱና የ8ኛ ክፍል ፈተና መቀመጡ አይቀርምና፣ ፈተናውም በዚያ ትምህርት ላይ የተመሠረተ ነውና። በሕመም ምክንያት በቤት የሚቆይ ልጅም ቢሆን ወላጆቹ ከትምህርት ቤቱ ጋር ያላቸውን ግንኙነት ሳያቋርጡ፣ መምህሩ የደረሰበትን ምዕራፍ እየጠየቁ ይቆዩ።

ከውጭ ከሚመጡት መካከል ሳክሰን የሚባለው የአሜሪካ መጽሐፍ ትምህርቱን በትንሽ በትንሹ ከፋፍሎ፣ በየቀኑ የቀደመውን ከአዲሱ ጋር እያቀላቀለ ያስጠናል። ቶሎ ለሚረሳ ልጅ ይጠቅማል፤ ነገር ግን በየትምህርቱ ያለው ሠላሳ ያህል ጥያቄ ደካማውን ልጅ ሊያታክት፣ ፈጣኑንም «ስለ ምን» ብሎ ሳይጠይቅ እንዲሠራ ሊያለምድ ይችላል። የሲንጋፖር መጻሕፍት አስቀድመው በሚጨበጥ ነገር፣ ቀጥሎ በሥዕል፣ በመጨረሻ በቁጥርና በፊደል ያስተምራሉ። የማይታወቀውን ቁጥር በረዥም ሣጥን መሥለው ስለሚያሳዩ፣ ፊደልን ለሚፈራ ልጅ መልካም ድልድይ ናቸው። አርት ኦፍ ፕሮብሌም ሶልቪንግ የሚባለው ድርጅት ያሳተመው የአልጀብራ መግቢያ ደግሞ ጥያቄውን አስቀድሞ ሰጥቶ ልጁ ራሱ እንዲመራመር ያደርጋል፤ ሒሳብን ለሚወድ ብርቱ ልጅ እንጂ ልቡ ለተሰበረ አይመረጥም። ካን አካዳሚ የሚባለው ድርጅት በኢንተርኔት የሚያቀርበው ትምህርት ያለ ክፍያ ነው፤ ልጁም ያልገባውን ደጋግሞ ሊያዳምጥ ይችላል። ነገር ግን ኢንተርኔት ይጠይቃል፤ ልጁ ማዳመጡን እንደ መሥራት እንዳይቈጥረው ወላጁ ደብተሩን መመልከት አለበት።

የትኛውም መጽሐፍ ሲቀርብ ወላጁ አምስት ነገር ይጠይቅ። ፊደል ከማስገባቱ በፊት ክፍልፋይን ይከልሳልን? ሕግ ሲሰጥ ምክንያቱን ይናገራልን? ወላጁ የሚያርምበት መልስ ከኋላው አለውን? መለኪያው ኪሎና ሜትር ነው፣ ወይስ ልጁ የማያውቃቸው ፓውንድና ጫማ? ቋንቋውስ ከልጁ ዐቅም ጋር ይስማማልን? ለእነዚህ ጥያቄዎች መልካም መልስ የሚሰጥ አሮጌ መጽሐፍ፣ ከማይሰጥ አዲስና ውድ መጽሐፍ ይበልጣል።

እኛ ለዚያ ልጅ የመረጥነው እንዲህ ነበር። ስድስት ሳምንት ወደ 5ኛና 6ኛ ክፍል የአማርኛ መጽሐፉ ተመልሶ ክፍልፋይን ብቻ ተማረ። ከዚያ የመንግሥቱ የ7ኛ ክፍል መጽሐፍ ዋና ሆነ። አክስቱ የላከችለት መጽሐፍም አልተጣለም፤ መልመጃ ሲያንስ ከእርሱ እየመረጥን ሰጠነው። መጽሐፉ ክፉ አልነበረም፤ ጊዜው ስላልደረሰ ነበር እንጂ። ለዚህ ሁሉ እናቱ አንድ ብር ጨምረው አላወጡም።

ከእንጦጦ ላይ ሆኖ

ልጁ ከሕመሙ እያገገመ በሄደ ጊዜ ሐኪሙ ጥቂት ጥቂት እንዲራመድ ፈቀደለት። አንድ ቀን ከእኛ ጋር በባሕር ዛፉ መካከል ወደ እንጦጦ ተራሮች ጐን ወጥቶ ከተማውን ቁልቁል ተመለከተ። እዚያ ላይ የተቸገረበትን የመጨረሻ ነገር፣ ማለት ከዜሮ በታች ያለ ቁጥር ሲቀነስ ስለ ምን መደመር እንደሚሆን፣ ለማሳየት ተመቸን። የእንጦጦ ከፍታ ከባሕር ወለል በላይ ከ3000 ሜትር ይበልጣል፤ በአፋር ያለው የዳሎል ምድር ደግሞ ከባሕር ወለል በታች ከ100 ሜትር በላይ ይወርዳል። ቁጥሩን ለማቅለል እንጦጦን 3000፣ ዳሎልን ከዜሮ በታች 100 ብንላቸው በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ስንት ነው? ልጁ ከተራራው እስከ ባሕር ወለል 3000፣ ከዚያም በታች 100 ቈጥሮ «3100» አለ። ከ3000 ላይ ከዜሮ በታች ያለው 100 ተቀንሶ 3100 መሆኑን ሕጉን ሳንነግረው ራሱ አገኘው።

በዚሁ የእንጦጦ ሰንሰለት ላይ የቅድስት ማርያምና የቅዱስ ራጉኤል ጥንታውያን አብያተ ክርስቲያናት አሉ፤ እያንዳንዳቸው የአንድ ሜትር መስተዋት ያላቸው ሁለት ቴሌስኮፖች የተተከሉበት የሥነ ፈለክ መመልከቻም አለ። በአንዱ ወገን ካህናቱ የጨረቃን ዕድሜ በአበቅቴ ይቈጥራሉ፤ በሌላው ወገን ተመራማሪዎች ሰማዩን በመሣሪያ ያያሉ። ከቤተ ክርስቲያንም ከዘመናዊም ትምህርት ቤት ለተማርን ለእኛ ይህ አቀማመጥ ልብ የሚያሳርፍ ነው። ልጆቻችንም ከሁለቱ አንዱን እንዲተዉ የሚያስገድዳቸው የለም።

የዕለት ሥርዓት

በቤት ለሚማር ልጅ ለሒሳብ በቀን 40 ደቂቃ ያህል፣ በሳምንት አምስት ቀን ይበቃዋል። የመጀመሪያው ዐሥር ደቂቃ ለትናንቱ ክለሳ፣ መካከለኛው ሃያ ለአዲሱ ትምህርትና መልመጃ፣ የመጨረሻው ዐሥር ደግሞ ልጁ የተማረውን ለወላጁ በቃል እንዲያስረዳ ይሁን። ወላጁ ትምህርቱን ባያውቀው አይፈር፤ «እንደ ገና ንገረኝ፤ ስለ ምን እንዲህ ሆነ?» ማለት ብቻ ከብዙ ማብራሪያ ይበልጣል። የዚያ ልጅ እናት ከ4ኛ ክፍል ያላለፉ ሲሆኑ፣ ልጁ በየማታው የሚያስረዳው ለእርሳቸው ነበር። እርሳቸው ያልገባቸውን ነገር እርሱም በሚገባ እንዳላወቀው በዚያ ይረዳ ነበር። ስሕተቱም በቀይ ተሰርዞ ከመመለስ ይልቅ፣ የት ላይ እንደ ተሳሳተ ራሱ እንዲፈልግ ይደረግ። ሦስት ቀን ደጋግሞ ካልገባው መጽሐፉን ወደ ኋላ ገልጦ ቀዳሚውን ምዕራፍ መመልከት እንጂ ድምፅን ማሳደግ አይጠቅምም።

ልጁ በሚቀጥለው መስከረም ወደ ትምህርት ቤቱ ተመለሰ። ከክፍሉ አንደኛ አልወጣም፤ መካከለኛ ነበር። ነገር ግን ከወራት በኋላ እናቱን በዚያው በየካ ሚካኤል ዐጸድ ስናገኛቸው «መምህር፣ የሒሳብ አስተማሪው ጠርተውኝ ነበር። ደነገጥሁ። ልጅዎ ሕግ ስነግረው ስለ ምን እያለ ያስቸግረኛል፤ እንዳይተው ንገሩት አሉኝ» ብለው ነገሩን። ለእኛ ከዚህ የሚበልጥ የምስክር ወረቀት የለም።

ስለዚህ ክቡራን ወላጆች፤ መጽሐፉን ከመምረጣችሁ በፊት ልጁን እዩት፤ ያለበትን ስፍራ ሳታፍሩ ዕወቁ፤ ከዚያም ጀምሩ። እግዚአብሔር ልጆቻችንን በጤናና በማስተዋል ያሳድግልን።